መቅድሙ አልቋል

ስለ ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ «ሸሞንሟናዬ» አልበም መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው። እየጻፍኩ ስል፣ እጽፋለሁ እያልኩ 3 ዓመት ማውራቴ ነው።

ኃይሉ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የሠራው ብቻውን ነው፤ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና ድራም ማሽን ይዞ። እኔ ግን ያለ መቅድም ጸሐፊ፣ ያለ አርታኢ፣ ያለ ስፖንሰርና ያለ ምረቃ ኮሚቴ እንዴት ብዬ? ምስጋናው ብቻ 11 ገጽ ደርሷል፤ አክስቴን ሳይቀር አመስግኛለሁ፤ ሙዚቀኛውን ረስቼው ኖሮ ትናንት ጨመርኩት።

የአልበሙን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘና እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን መኪናው ኋላ ጭኖ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይሄ ነው። እኔ ደግሞ «ምን ጊዜ አለኝ?» እያልኩ አራተኛውን ማኪያቶ አዝዣለሁ።

የምረቃው አዳራሽ ተይዟል፤ ኬኩም ታዟል፤ የቀረው ምዕራፍ አንድ ነው። ውድ አንባቢ፣ እስከዚያው አልበሙን አዳምጡት፤ እሱ አልቋል።