ባለ ጆሮው ሹም

ዋሽንግተን አጠገብ ባለው በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ለሚወርደው ኢትዮጵያዊ የሚደረገውን አቀባበል ሳያወድሱ ማለፍ ንፉግነት ይሆናል፤ ሌሊቱን ሲበር አድሮ እግሩ ያበጠውን መንገደኛ ሻንጣው ዘንድ የሚጠብቀው ባለሥልጣን፣ የማዕርግ ልብስ በጀርባው የደረበ፣ ጆሮው የተንዘረፈፈ ቢግል ውሻ ነውና። የወገኑ ሹመት በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ ይህ ሊቅ እናት ለልጇ በፌስታል ላይ ፌስታል ደራርባ የቋጠረችውን፣ ሕግ የከለከለውን ቋንጣ በአንድ እስትንፋስ መርምሮ፣ ቁጭ በማለት ብቻ ይመሰክራል፤ ያለ መሐላም ይታመናል። አስቀድሞ በመስኮቱ የተሠየመው ሰብአዊ ሹም ግን፣ በቍርባን የተጋቡት ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በየአባታቸው ስም ስለ ተጠሩ ጋብቻቸውን ይጠራጠራል። ወንበሩን ለውሻው ቢለቅለት ፍትሕ ሳትፋጠን አትቀርም፤ የአንድ ማጀት በርበሬ የሚሸቱትን ሁለቱን አሽትቶ፣ አንድ ሥጋ መሆናቸውን ወዲያው አረጋግጦ ቁጭ ይላል።