ሦስት ዓምድ ብቻ ነው የጠየቅሁት

እስኪ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ግቡና «አበበ ከበደ» በሉ። ካርድ አውጪዋ ቀና ትልና «የትኛው?» ትላችኋለች። ልክ ናት። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራስ ስምና የአባት ስም ነው፣ ሲቸግር ደግሞ የአያት። አያትም የሚገጥምበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ፍርዱን የሚሰጠው ስልክ ቁጥር ነው። ስለዚህ ለዚህች ልጅ በሚሠራ ፕሮግራም ላይ ቀስቷን ሲጫኗት የምትዘረገፈው ሳጥን፣ ኮምቦ ቦክስ የምንላት፣ ሦስት ዓምድ ማሳየት አለባት፦ ስም ከነአባት፣ አያት፣ ስልክ። በቃ። ዓባይን ገድቡልኝ አላልኩም። ዓባይስ ተገደበ፤ ሦስቱ ዓምድ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይጠበቃል።

ይህን ስል ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ዘመኑ እኮ ተለውጧል» ይሉኛል። ተለውጧል! እኔንስ የሚያበግነኝ እሱ አይደል? አክሰስ የተባለው የማይክሮሶፍት የዳታ ማከማቻ ፕሮግራም ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በአክሰስ 97 የሠራ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የኮምቦ ቦክሱ ጠባይ የሚሞላበት ሠንጠረዥ ላይ ኮለምን ካውንት የምትባል መስመር አለች። 3 ብለህ ትጽፋለህ፣ ሦስት ዓምድ ይሆንልሃል። ስፋታቸውን በሌላ መስመር ትደረድራለህ። የመለያ ቁጥሩን ዓምድ ስፋት 0 ካልከው ይሰወራል፤ ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ይይዛል፣ ሰው ስሙን ያያል። ከላይ ርእስ ይኑር ካልክም «አዎ» ማለት ብቻ ነው። ጀበናው ሳይፈላ ሥራው አለቀ። (አመል አልነበረውም አልልም። የሚቀመጠውን ዓምድ ስትመርጥ ከ1 ይቆጥራል፤ ያንኑ ዓምድ በኮድ ስታነበው ከ0። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቆጠራ! ግን ለመድነው።)

ከዚያ «አክሰስ የልጆች ነው፤ የወጉ ፕሮግራም በቪዥዋል ቤዚክ ነው የሚሠራው» ተባለ። እሺ አልን። እ.ኤ.አ. በ1998 ቪዥዋል ቤዚክ 6 ወጣ። ኮምቦ ቦክሱን ፎርሙ ላይ አስቀምጥና ኮለምን ካውንትን ፈልጋት፤ የለችም። በኦፊስ ፎርሞች ላይ የሚሠራው የዚያው ኩባንያ ኮምቦ ዓምድ ያወጣል፤ እሱን ግን ከፕሮግራምህ ጋር ጠቅልለህ ለደንበኛ ማደል አይፈቀድልህም። ስለዚህ አገር የተስማማበት ዘዴ ስሙን ጽፎ፣ ቀሪውን በባዶ ቦታ ሞልቶ፣ አያቱን ማስከተልና ፎንቱን ኩሪየር ማድረግ ነበር። ለፈረንጅ ይሠራለታል፤ በኩሪየር ፊደሉ ሁሉ እኩል ስፋት አለው። በእኛ ፊደል ሞክረው እስኪ! ቀ በአንድ እግሯ ቆማ፣ ጠ ሦስቱን ዘርግታ፣ ዓምዱ ከላይ እስከ ታች ይንገዳገዳል። በዚያ ላይ የዚያን ጊዜዎቹ የግዕዝ ፎንቶች በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ የተቀመጡ ነበሩና ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተከበሩ የአቶ አበበ ስም የዶላርና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ተተኪው ዶት ኔት መጣ። ትልቅ ነገር ነው ተባለ፤ ትልቅም ነበር። አሁንስ ዓምዷ ሳትመለስ አትቀርም ብለን ኮምቦ ቦክሱን ከፈትን። ኮለምን ካውንት የለም። ያለው ድሮው ሞድ ነው። ትርጓሜውም «ዓምድ ከፈለግህ ራስህ ሣለው» ነው። ሽሮ ላዘዘ ሰው ሽምብራና ወፍጮ ማቅረብ ማለት ይህ ነው። ድሮው አይተም የሚባለው ክስተት በእያንዳንዱ መስመር ይጠራሃል፤ ጀርባውን ትቀባለህ፣ ስሙን እዚህ ጋ ትጽፋለህ፣ አያቱን ከዚያ ወዲያ፣ ስልኩን ከዚያም ወዲያ፣ መሐል መሐሉን በቀጭን መስመር ትለያለህ፣ የተመረጠው መስመር ቀለሙ እንዲገለበጥ ታደርጋለህ። የዝርዝሩን ስፋት ለብቻው ካልነገርከው ሦስቱም ዓምድ በሳጥኗ ጥበት ይታፈናሉ። ይህን ሁሉ ጨርሰህ ላብህን ስትጠርግ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ የተዘጋችው ሳጥንም ይህንኑ ሥዕልህን ተጠቅማ ሦስቱን ዓምድ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ትደፈጥጣቸዋለች። መጻፍ በማይቻልባት ዓይነት ሳጥን ላይ የዝርዝሩንም የተዘጋውንም ፊት የሚሥለው ያው ክስተት ነዋ! «አሁን የምሥለው የተዘጋውን ነው ወይስ የተከፈተውን?» ብለህ በየመስመሩ መጠየቅ አለብህ።

ሊስት ቦክስ የተባለችው እኅቷ ላይ ደግሞ መልቲ ኮለምን የምትል ምርጫ አለች። ሰው ስሟን አይቶ ደስ ብሎት ያበራታል። ዓምድ ታወጣለች፣ አልዋሽም፤ ግን ስሞቹ ከታች ሲሞላባቸው ወደ ጎን መፍሰስ ይጀምራሉ እንጂ አያትና ስልክ የሚባል ነገር የለም። አንድ ዓምድ ስም፣ ቀጥሎም ሌላ ዓምድ ስም።

ርእስስ? ዝርዝሩ ላይ ርእስ የሚቀመጥበት ቦታ አልተሠራም። ብልጣ ብልጦች ርእሱን የመጀመሪያው መስመር አድርገው ያስገቡታል። ከዚያ አንድ ቀን ሪፖርት ሲወጣ «ስም» የሚባል፣ የአያቱ ስም «አያት»፣ ስልኩ «ስልክ» የሆነ ሕመምተኛ በተደጋጋሚ ታክሞ ይገኛል።

ዳታውን ከሠንጠረዥ ስታያይዘው ደግሞ ሌላ ጉድ። የትኛው ዓምድ እንደሚታይ አስቀድመህ ካልነገርከው ሳጥኗ ከላይ እስከ ታች «ሲስተም ዳታ ዳታ ሮው ቪው» እያለች ያንኑ ትደረድርልሃለች። ሰው ሁሉ አንድ ስም አወጣ! ተራውን ካሳሳትክም ገና ማንም ሳይነካት «ተመረጠ፣ ተመረጠ» ብላ ትጮኽና የተመረጠው ምንድን ነው ብለህ ስትጠይቃት በቁጥር ፈንታ ሙሉውን መስመር ትወረውርልሃለች፤ ፕሮግራሙም በሩ ላይ ተደናቅፎ ይወድቃል።

የማውሷን መንኮራኩር ነገር ግን ብተወው ያንቀኛል። ካርድ አውጪዋ «አበበ ከበደ»ን በጥንቃቄ መርጣ ወደ ታች ልትወርድ ጣቷን በመንኮራኩሩ ላይ ታሽከረክራለች። እሷ የምታስበው ገጹ እንደሚወርድ ነው። ሳጥኗ ግን ገና ትኩረቱን አልለቀቀችም፤ ዝም ብላ ከአበበ ወደ አበራ፣ ከአበራ ወደ አዳነ ትሸጋገራለች። ድምፅ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። የአበበ የስኳር ውጤት አዳነ ካርድ ላይ ይገባል። ይህን ጠባይ ያሰበ ሰው ማን ነው? ተሰብስበው ተወያዩበት ወይስ እንዲሁ ተወለደ? ልጆቹ አንዷን ክስተት ይዞ ማስቆም እንደሚቻል ይነግሩኛል። ይቻላል። ግን ለምን እኔ?

አሁን ወደ መተየቡ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ፈረንጅ ያላየው የራሳችን መከራ አለ። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እግዜር ይስጣቸው፣ የወንበር ሽሚያው ቀረ። ነገር ግን በብዙው የቁልፍ ሰሌዳችን ከ ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይመታል፤ በመጀመሪያው ክ ይወጣል፣ በሁለተኛው ወደ ከ ይለወጣል። ራሱን እንዲሞላ የታዘዘ ኮምቦ ቦክስ ይህን መች ይታገሣል! ክን እንዳየ «ክብረት» ብሎ ሞልቶ ይጠብቅሃል። አንተ ከበደን ፍለጋ ነህ፣ እሱ ክብረትን ድሮልሃል። ሁለተኛው ቁልፍ ሲመታ ማን ማንን እንደሚያጠፋ ሰይጣን ራሱ አያውቅም። ኃይሉን መፈለግማ ተዉት፤ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ፣ በብዙኃኑ ኀ የተመዘገቡ ኃይሉዎች በሦስት ሰፈር ተበትነው ይኖራሉ፤ ሳጥኗም የአንዱን ሰፈር ሰው ለሌላው አታስተዋውቅም።

እውነቱን ለመናገር እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የዶት ኔት አዲሱ የመስኮት መሥሪያ፣ ደብልዩ ፒ ኤፍ፣ ነገሩን አቅልሎታል። መስመሩን እንደፈለግህ ትቀርጸዋለህ፤ ብሩሽ መያዝ ቀረ። ግን እያንዳንዱ መስመር የራሱ ግሪድ ነውና ስፋቱን በይዘቱ ልክ ካደረግኸው ዓምዶቹ የሚገጥሙት ስፋታቸውን እንዲጋሩ ለብቻ ስታስማማቸው ነው። ተስማሙ። አሁን ዝርዝሩ በብዙ ሺህ ሰው ሲሞላ ለመከፈት ያቃስታል፤ የሚታየውን ብቻ ይሥራ ብለህ ታዘዋለህ። ይሠራል፤ ነገር ግን ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ረጅም ስም ሲመጣ ዓምዱ ይሰፋል፣ ሳጥኗም ዓይንህ እያየ ትወፍራለች።

«ጋሼ፣ ዝግጁ ኮምፖነንት ይገዛል እኮ» ይላሉ። ይገዛል፤ በዶላር፣ በየዓመቱ፣ ከመቶ ሌላ ዕቃ ጋር ታስሮ። ሦስት ዓምድ ፈልጌ የካርታና የሰዓት ሥዕል የሚያወጣ መጋዘን ልሸከም? «እንግዲያው ድረ ገጽ አድርገው» ይላል ሌላው። የድረ ገጹ መደበኛ ተቆልቋይም ቢሆን ለረጅም ዘመን በመስመሩ ላይ ከደረቅ ጽሑፍ በቀር ምንም አይቀበልም ነበር፤ እዚያም ያሉት ልጆች እንደኛው በእጃቸው ሲሠሩት ነው የኖሩት።

አንዱ ጎበዝ ብቻ ተከራክሮ አልቀረም፣ ሄዶ ሠርቶ አመጣ። የሚንሳፈፍ መስኮት ውስጥ ሙሉ ግሪድ ከቶ፣ ርእሱ በርቶ፣ ዓምዶቹ ተሰልፈው። ያምራል፤ አልካድኩም። ኮዱን ከፈትኩት። ስፋቱን ሁሉ በፒክሰል ጽፎታል፤ 120፣ 100፣ 80። ስክሪኑ 150 ፐርሰንት በተደረገ ላፕቶፕ ላይ ስናስነሣው የስልኩ የመጨረሻ አኃዞች ተቆርጠው ቀሩ። ነገርኩት።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ዛሬ ደግሞ ስልክ ቁጥር እስከ መጨረሻው የሚያነብ ማን አለ?»