ለራስ የሚስማማ የጤና ማረፊያ አመራረጥ፦ በገንዳ ውሃ ሲመዘን

በዚህ ዘመን በአዲስ አበባና በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ከበቀሉት የሥልጣኔ ፍሬዎች መካከል «ሪትሪት» የሚባለው፣ ማለትም ሰው ከሥራውና ከቤቱ ለጥቂት ቀናት ርቆ ገላውንና መንፈሱን እንዲያድስ ገንዘብ የሚከፍልበት ቆይታ፣ የላቀውን ስፍራ ሊይዝ ይገባዋል። ከቆይታው ይልቅ የሚደነቀው ግን ምርጫው ነው። ቀድሞ የደከመው ሰው ይተኛ ነበር፤ የዛሬው ደካማ ግን ከመተኛቱ በፊት የድካሙን ዓይነት የሚለይ መጠይቅ ይሞላል፤ ሙቀት ይሻል ወይስ ጭቃ፣ ጾም ይሻል ወይስ ዝምታ፣ በቡድን መተንፈስ ይሻል ወይስ ብቻውን፣ ይህ ሁሉ ተመርምሮ ለተፈጥሮው የሚስማማው ቦታ ይነገረዋል። የሚነገረው ቦታ ምንጊዜም ከኪሱ ጋር አብሮ መስማማቱ የጥበቡን ረቂቅነት ያስረዳል።

ያለ መጠይቅ መምረጥ ምን መዘዝ እንደሚያመጣ ከታሪክ መማር ይቻላል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወርደው ፍል ውሃን ሲመርጡ፣ ዓላማቸውን በጽሑፍ ሳያሰፍሩና አማካሪ ሳይቀጥሩ ስለነበር፣ ከምርጫቸው አንድ ሙሉ ዋና ከተማ ተወለደ፤ የዚያ ከተማ ነዋሪ ደግሞ ዛሬ ከዚያው ከተማ ለመሸሽ ማረፊያ ይመርጣል።

መመዘኛዎቹ በቅንነት ከተሠራባቸው፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ ያለችው የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ገንዳ ውሃ ከነአካባቢዋ ተወዳዳሪ የላትም። ፊንላንዳውያን ሳውና በሚሉት የጋለ ክፍል ውስጥ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ለደቂቃዎች ይቀመጣሉ፤ በዙሪያዋ ያለው የመተማ ቆላ በመጋቢትና በሚያዝያ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ቆይታው በደቂቃ የሚለካ ሳይሆን ጠዋት ተጀምሮ ሌሊትም የማያበቃ ነው፤ ክፍያም አይጠየቅበትም። ሽታው መንፈስን ያረጋጋል ተብሎ በውድ የሚጨሰው እጣን ከዚሁ ቆላ ዛፎች ቅርፊት እየተፋቀ ይለቀማል። የሱዳን ሴቶች ገላቸውን የሚታጠኑበት፣ ጠልህ የሚባለው የግራር ዓይነትም በዚህ አለ። አዩርቬዳ በሚባለው የሕንድ ባህላዊ ሕክምና መሠረት ገላ የሚታሸው በሰሊጥ ዘይት ነው፤ መተማ ደግሞ የሰሊጥ አገር ነው።

እንግዲህ የሰሊጡ ነገር በሚገባው መጠን ሳይተነተን ሊታለፍ አይገባም። በየዓመቱ በአረምና በአጨዳ ወቅት ብዙ ሺህ ወጣቶች ከደጋው ወደ ቆላው ይወርዳሉ፤ እስከ ዛሬም የቀን ሠራተኞች እየተባሉ በስህተት ሲጠሩ ኖረዋል። ሁኔታቸው ሲመረመር የታዳሚነት መስፈርቱን በሙሉ ያሟላሉ። በአይሱዙ ላይ ተደራርበው መጓዛቸው የባልንጀራነት ስሜትን ያጎለብታል፤ ጎህ ሳይቀድ መነሣታቸው የትኛውም የመታደሻ ማዕከል የሚያዘው ሥርዓት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ቀና ማለታቸው አከርካሪን ያፍታታል፤ ፍሬው ሳይረግፍ ለመድረስ መሯሯጣቸው ልብን ያጠነክራል፤ ምግባቸው ጥቂት በመሆኑ አንጀታቸው ያርፋል። ይህን ሁሉ አገልግሎት ወስደው ሲያበቁ ደመወዝ መጠየቃቸው እጅግ የሚያስገርም ነው። በፍትሕ ሚዛን ከፋይ መሆን ያለባቸው እነርሱ ሲሆኑ፣ ባለሀብቱ በየሄክታሩ የተሳትፎ ክፍያ ሊሰበስብ፣ ደላላውም «የመታደስ አማካሪ» ተብሎ ሊሾም ይገባዋል፤ ሠራተኛው ያላጨደው ሰሊጥ ቢኖር እንኳ ሳይጠቀምበት የቀረ አገልግሎት ስለሆነ ገንዘቡ አይመለስለትም። ወቅቱ ሲያበቃም ባለሁለት ቋንቋ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ቢመጣ ቅናሽ ይደረግለታል።

የማታው መርሐ ግብር ደግሞ ከሁሉ ይልቃል። ታዳሚው በጥቁር አፈር ላይ፣ በግራር ሥር፣ ከዋክብትን እያየ ያድራል። አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከወባ ትንኝ የምታንስ ነፍሳት ትኖራለች፤ ሌሊት ወጥታ የተኛውን ስትነክሰው ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በሽታው ትኩሳቱ የሚረዝም፣ ጣፊያን የሚያሳብጥና ሰውነትን የሚያከሳ በመሆኑ፣ ክብደት ለመቀነስ ለተመዘገበ ታዳሚ ፍጹም ተስማሚ ሲሆን፣ በቆይታው ላይም ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት ዓይነት መርፌ የሚወጋበት ተጨማሪ መስተንግዶ ይከተላል።

ካላዛር ካልታከመ ይገድላል። የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ በሽታውን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን፣ ለጥቂት ወራት ደመወዝ ብሎ ከደጋ የወረደውን ድሃ ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ከዛፍ ሥር የራቀ መኝታ፣ አጎበርና በቅርብ የሚገኝ ሕክምና እንጂ የቆላን ሌሊት ውበት የሚያወድስለት ሰው አይደለም።

ወደ ምስጋናው ለመመለስ፣ የቀሩት አገልግሎቶች በአጭሩ ቢጠቀሱ ይበቃል። ከስልክ መራቅን የሚሹ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠበት ጊዜ ሳይጠይቁ ተስተናግደዋል። በድንኳን ማደርን እንደ ቅንጦት የሚቆጥሩም፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰው የሱዳን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ስደተኞችን ልምድ ሊቀስሙ ይችላሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ፣ የማረፊያው ገበያ የሚሸጠው ሙቀትን፣ ረኀብን፣ ዝምታንና ጭስን ሳይሆን ከእነዚህ በፈለጉት ሰዓት የመውጣትን መብት ነው የሚል ነው፤ የሳውናው ሰው በሩን ገፍቶ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሚገባ ታድሶ ይመለሳል፤ የሰሊጡ ሰው ደግሞ ወጪውን ሳይሸፍን የሚገፋው በር የለውም። ስለዚህ መውጣት ለሚችል ሰው የትኛውም ቦታ ስለሚስማማው፣ በምርጫ መጨነቁ ትርፍ ድካም ነው። ይልቁንም ጀርባው የሚታሽበት የሰሊጥ ዘይት በማን እጅ እንደታጨደ፣ ያ ሰውም ሌሊቱን የት እንዳደረና ቢታመም ማን እንዳሳከመው ቢጠይቅ፣ ከመጠይቁ ሁሉ የሚሻለውን ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው።