ሹም ሽር በጓዳ፤ በሰቆጣ የዕቃ አቀማመጥ ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ ወንፊት ነው። ለሻደይ በዓል ሰቆጣ በሄድኩበት ሰሞን፣ ነሐሴ 16 ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አክስቴ «እስኪ ወንፊቱን አቀብለኝ» ብለው ወደ ጓዳ ላኩኝ። የት እንዳለ ብጠይቅ «እዚያው» አሉ። ጓዳው መስኮት የለውም፤ መብራትም ሄዶ ነበር። ስዳብስ ቆይቼ አንድ እንቁላል፣ ሁለት የበር ቁልፍና የማን እንደሆነ ያልታወቀ ባርኔጣ ይዤ ወጣሁ። አክስቴ ገቡ፤ መብራት አልጠየቁ፣ ቀና ብለውም አላዩ፤ እጃቸውን ወደ ጨለማው ሰደዱና ወንፊቱን ይዘው ተመለሱ። ሳይንስ የሚጀምረው እንዲህ ካለ ኀፍረት ነው።

ጥናቱ በአንድ ቤት ላይ ያተኩራል። ለማነጻጸሪያ ሁለት የጎረቤት ጓዳዎች ታይተዋል፤ ሦስተኛዋ ጎረቤት «ጓዳዬ ውስጥ ምን ጠፍቶበት ነው?» ስላሉ ከናሙናው ወጥተዋል። መረጃው የተሰበሰበው ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ሲሆን ለሦስት ቀን ተደጋግሟል። ሠንጠረዥ ሁለት በእጄ የለም፤ ምክንያቱን በቦታው እገልጻለሁ።

ከእኔ በፊት በዘርፉ ከተባለው ሁሉ ጥልቁ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ነው። ሰው ሁሉ ተረቱን ስለ ስግብግብነት ነው እያለ አሳልፎታል። ልብ ብሎ ላየው ግን የመጋዘን ሪፖርት ነው። ሁለት ማከማቻ ይጠቅሳል፤ አንዱ ቋሚና ከፍ ያለ፣ ሁለተኛው ጊዜያዊና ከባለቤቱ ጋር የሚንቀሳቀስ። ጉዳቱ የደረሰው በርክክብ ላይ ነው። መሰላል እንዳልነበረ ግልጽ ነው፤ ባል ስለመኖሩ ሪፖርቱ ዝም ይላል፤ ከነበረም መደብ ላይ ጋደም ብሎ ነበር ብሎ መገመት ከልምድ ጋር ይስማማል። ብብት ደግሞ ብቻውን አይደለም። መቀነት ብር ይይዛል፣ የነጠላ ጫፍ ሳንቲም ይቋጥራል፣ ጆሮ ግንድ እስክሪብቶ ያስቀምጣል። እነዚህን ለሌላ ተመራማሪ ትቼ ወደ ጓዳው እመለሳለሁ።

የጥናቱ ዋና ግኝት ይህ ነው፦ በዋግ ቤት ዕቃ አይጣልም፤ ይሻራል።

ነገሩ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ሰቆጣ ያለችበት ዋግ በዋግሹም ሲተዳደር የኖረ አገር ነው፤ ሹመትንም ሽረትንም ያውቃል። ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዓፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ክረምት ዓድዋ አጠገብ፣ ኋላ ዓፄ ዮሐንስ በተባሉት በደጃዝማች ካሳ ተሸንፈው ዙፋኑ ከእጃቸው ወጣ። ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። በአክስቴ ጓዳ ሦስት ዓመት ያገለገለ ከረጢት ገና እንደ አዲስ ሠራተኛ ነው የሚታየው።

የማዳበሪያን የሥራ ዘመን በቅርብ እንይ። ከረጢቱ ወደ ቤት ሲገባ 50 ኪሎ ዩሪያ ተሸክሞ ነው፤ በዚህ ጊዜ የራሱ ስም የለውም። ማዳበሪያው ማሳ ላይ ተበትኖ ሲያልቅ ግን ስሙን ለከረጢቱ አውርሶ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ «ማዳበሪያ» ማለት ማዳበሪያ የሌለበት ነገር ነው። «ማሽላውን ማዳበሪያ ውስጥ ጨምረው» ሲባል የሚደነግጥ የግብርና ባለሙያ ካለ ትናንት ነው የመጣው። (ኩንታልም እንዲሁ ከልኬትነት ተነሥቶ ከረጢት ሆኗል፤ ስለዚህ ግማሽ ኩንታል የያዘ ኩንታል ማግኘት ይቻላል።)

ታጥቦ በመጀመሪያው ዓመት የስንዴ ሹም ይሆናል። አፉ ሲተለተል ወደ ሽንኩርት ይዛወራል፤ ሽንኩርት ቀዳዳ አይጠላም። ቀጥሎ አሮጌ ጫማና «ለልጆቹ ይሆናል» የተባለ ልብስ ይረከባል። ከዚያ ጎኑ ተተርትሮ ምንጣፍ ይሆንና ብቅል ይሰጣበታል። ከዚያ የዶሮ ቤት መጋረጃ። ውስጠኛው ላስቲክ ገና ከጅምሩ ተለይቶ ወደ ትምህርት ዘርፍ ሄዷል፤ የተማሪ ደብተር ይለብዳል። በመጨረሻ ክሩ ይመዘዝና ተገምዶ ገመድ ይሆናል፤ በአንዲት ቀይ የአበርገሌ ፍየል አንገት ላይ አይቼው ቀረብ ብል፣ ከፋብሪካው ጽሑፍ የተረፈ ሰማያዊ ቀለም ገመዱን እየዞረ ይታያል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ይህ ሹም በየሥልጣኑ ጠግቦ ስለበላ የቁጭት ምልክት አላየሁበትም።

ሹመት የማይመለከተው ዕቃ ፍለጋ ከከተማው እስከ መውጣት ደርሻለሁ። በውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የዋግሹሞች ነው የሚባል አስከሬን በሣጥን ደርቆ ተቀምጧል። በጥናቱ ክልል ሌላ ሥራ ያልተደረበበት ሣጥን ያገኘሁት ያንን ብቻ ነው። በቤት ውስጥ ያለው ሣጥን የሻደይ ቀሚስ፣ የመሬት ደብተር፣ የመድኃኒት ብልቃጥና አንድ የማይሠራ ሬዲዮ ደርቦ ይዟል፤ በላዩም ሰው ይቀመጥበታል።

ስለ ውጭው ዓለም ልምድ መናገር የግድ ነው፤ አለዚያ ጥናት አይባልም። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ዕቃን አንድ በአንድ በእጅ ይዞ ደስታ ይሰጠኛል ወይ ብሎ መጠየቅን፣ ካልሰጠ ማሰናበትን ትመክራለች። መመሪያውን ተከትዬ አንድ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አንሥቼ ወደ አክስቴ ቀረብኩ። ጎኑ ተሰንጥቆ በጋለ ቢላ ላስቲክ ቀልጦ ተለጥፎበታል፤ ክዳኑ ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል።

«እትዬ፣ ይኼ ጀሪካን ደስ ይልዎታል?»

አክስቴ ግንባሬን ዳሰሱ፤ ትኩሳት የለኝም። «ውሃ ይይዛል ወይ ብለህ ጠይቀኝ» አሉ።

«ውሃ ይይዛል?»

«ግማሽ ድረስ።»

ግማሽ ድረስ የሚይዝ ጀሪካን ደግሞ፣ ከስንጥቁ በላይ ተቆርጦ መታጠቢያ ሳህን ሊሆን እንደታጨ በዚያው ተገለጸልኝ። ሹመቱ የሚጸድቀው ከመስቀል በኋላ ነው።

ይበልጥ የሳበኝ ግን የጀርመኑ ነው። ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት ሠራተኞች መኖሪያ አንድ ወጥ ቤት ነደፉ፤ 1.9 በ3.4 ሜትር፣ ከአክስቴ ጓዳ ብዙም የማይሰፋ። በውስጡ በየስሙ የተጻፈባቸው የአሉሚኒየም መሳቢያዎች ተደርድረዋል፤ ሩዝ በሩዝ፣ ስኳር በስኳር። ዱቄት ብቻ ከኦክ እንጨት በተሠራ መሳቢያ ይቀመጣል፤ በእንጨቱ ያለው ታኒን ትል ያርቃል ተብሎ።

ይህን ሳነብ አድሬ በማግሥቱ ተነሣሁና ከጥናት ደብተሬ ወረቀት እየቀደድኩ በየጣሳው ላይ ለጠፍኩ፤ «ጨው»፣ «ስኳር»፣ «ሹሮ»፣ «በርበሬ»። ጣሳዎቹ ባለ 4 ሊትር የዕርዳታ ዘይት ጣሳዎች ናቸው፤ የአሜሪካ ሕዝብ ስጦታ መሆናቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎባቸዋል፤ ስለዚህ የእኔ ጽሑፍ ሁለተኛው መሆኑ ነው። እንደ መጀመሪያው ሁሉ ማንም አላነበበውም። ለማታ ቡና የ«ስኳር» ጣሳ ተከፈተ። ጣሳው ከሰዓት በኋላ በተደረገ ሽግሽግ ጨው ተመድቦበት ነበር። እንግዳው ፉት አለና ዝም ብሎ ጨረሰ፤ በገጠር ቡና በጨው መጠጣት ነውር አይደለምና ሙከራው አለመሳካቱ እንኳ ሳይታወቅ ቀረ።

ፍራንክፈርት ያልደረሰችበት ግን ጎታ ነው። ጎታ ከጭቃና ከጭድ ተቦክቶ፣ በአዛባ ተለስኖ በቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማስቀመጫ ነው። እህል የሚገባው ከላይ ነው፤ የሚወጣው ከታች፣ ውታፉ ሲነሣ። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። የዛሬ የሱፐርማርኬት ሠራተኛ ይህንኑ ሕግ በሥልጠና ይማራል፤ እንዲያም ሆኖ አሮጌውን ወተት ከፊት ለማምጣት በእጁ ይደረድራል። ጎታ ይህን የሚሠራው ያለ ሠራተኛ ነው። ጤፍ ላይ እንዲያውም ሥራው ቀላል ነው፤ ቅንጣቷ ከማነሷ የተነሣ ነቀዝ ገብቶ የሚኖርበት ክፍል አያገኝም።

ለማሽላ ጉዳዩ ከበድ ይላል። በብዙ የማሽላ አገር እህል በጉድጓድ ይቀበራል። አፉ በደንብ ከተደፈነ፣ እህሉና አብሮት የገባው ነቀዝ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱታል፤ ነቀዙ በገዛ ትንፋሹ ታፍኖ ይሞታል። በዚህ የተነሣ ጉድጓድ እንደተከፈተ ዘሎ የሚገባ ሰው የነቀዙን ዕጣ ሊካፈል ይችላል፤ አየር እስኪገባው ይጠበቃል። ድክመቱ እርጥበት ነው፤ ከግድግዳው የተጠጋው እህል ይሻግታል። የፑርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከካሜሩን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሠሩት ፒክስ የሚባለው ከረጢት ይህንኑ መላ ከመሬት አውጥቶታል፤ ሁለት ላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ማዳበሪያ ከውጭ፣ ጥብቅ አድርጎ ማሰር።

አክስቴ አንድ ገዝተው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ማሽላቸው እንደገባ ወጣ። በሁለተኛው ዓመት አይጥ በሳው። በዚያው ቀን ሦስቱ ንብርብሮች በሦስት ቦታ ተመደቡ፤ አንዱ ላስቲክ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር፣ ሁለተኛው በጭድ ክምር ላይ፣ የውጭው ደግሞ ወደ ሽንኩርት።

በሁለተኛው ቀን፣ በቶና ላይ፣ ይህ ሁሉ ለምን እንደማይጣል ጠየቅኩ። አክስቴ ሲኒውን አስቀመጡ። «በሰባ ሰባት እህል ሊሰጡን ጠሩን። ከረጢት የያዘ በከረጢት ተቀበለ። ያልያዘ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ሄደ፤ ነጠላ ስንት ይይዛል?» አሉ። ቀጥለው ሲኒዬን ወሰዱና ቀዱልኝ። ይህን በየትኛው ዓምድ እንደማሰፍረው ስላላወቅኩ ከደብተሩ ጀርባ ጻፍኩት።

«እዚያው» ስለሚለው የአድራሻ ሥርዓት ጥቂት ልጨምር። ሥርዓቱ ሌሎች ቅርንጫፎችም አሉት፤ «ከዕቃው ጋር»፣ «ከወዲያ»፣ «እሱ ሥር»። ሁሉም የሚለኩት ዕቃው ካለበት ሳይሆን አክስቴ መጨረሻ ካዩበት ነው። ወንፊቱ የነበረው ከበሩ ኋላ ካለችው ምስማር ላይ ነው። በዚያች ምስማር ላይ ከላይ ወደ ታች ነጠላ፣ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር፣ ያላለፈ ዓመት ካላንደር፣ በፌስታል የታሰረ ብዙ ፌስታል፣ ከዚያ ወንፊቱ ተሰቅለዋል። ምስማሯ አሥር ሳንቲሜትር አትሞላም። መሐንዲስ ቢያያት ያዝን ነበር።

ሠንጠረዥ ሁለት፣ የ31 ዕቃዎችን የሹመት ታሪክ የያዘው፣ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ሻንጣዬን፣ መደቡን፣ አልጋ ሥርን ፈተሽኩ። «ወረቀቴን አይተዋል?» ብዬ ስጠይቅ «እዚያው» አሉ። ምሳ ሲቀርብ የሹሮው ጣሳ ተከፈተ፤ ሠንጠረዡ አራት ታጥፎ በክዳኑና በጣሳው አፍ መካከል ገብቷል። ዘይት ጠጥቶ ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ወደ ፊት ወጥቷል። እጄን ስሰድ አክስቴ ቀደሙኝ።

«ተወው ልጄ፣ ክዳኑ ይላላል።»