የቢሮ ፕሪንተር እንቢታ፦ ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ የተደረገ ጥናት

በኔትወርክ የተያያዘ የቢሮ ፕሪንተር ማለት በአንድ ክፍል ተቀምጦ በአምስት ክፍል የሚታማ ዕቃ ነው። ይህን ብያኔ ያገኘነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ከሆነችው ፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ቡሬ በሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ ወንበርማዋ ሽንዲ በሚታጠፈው መሥመር ላይ ከሚነገረው ነው። መረጃው የተሰበሰበው በቡና ሰዓት ነው። ፕሪንተሩ የሚያምፀው ባለጉዳይ ሲበዛ ቢሆንም ሠራተኛው ስለ አመፁ አፉን ሞልቶ የሚናገረው ስኒ ከያዘ በኋላ ነውና በሌላ ሰዓት የተሰበሰበ መረጃ አይታመንም።

ስለ መንስኤው ሊቃውንት አንድ አይደሉም። አንጋፋው ወገን «ቀለም አልቋል» ባይ ነው። ተከታዮቹ ካርትሪጁን ያወጣሉ፣ ግራና ቀኝ ይነቀንቃሉ፣ እፍ ይሉበታል፣ ይመልሱታል። ሥርዓቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ቶነር ደረቅ ዱቄት ስለሆነ ወደ አንድ ጎን ሲከማች ጽሑፉ በሌላው ጎን ይደበዝዛል፣ ሲነቀነቅ ይስተካከላል፣ ጥቂት ገጽም ይተርፍበታል። የሚያከራክረው ኮምፒውተሩ «ፕሪንተሩን አላገኘሁትም» ሲልም ቀለሙ መነቅነቁ ነው። ወጣቱ ወገን ደግሞ ሁሉን ነገር በቫይረስ ያሳብባል፤ በዚህ ላይ የምንጨምረው የለም።

ሦስተኛው ወገን «ኔትወርክ የለም» የሚለው ሲሆን በቁጥርም በሥልጣንም የበላይ ነው። ለዚህ ወገን ኔትወርክ ማለት ኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ደብዳቤ ከጠረጴዛ ተነሥቶ ኮሪደሩን ተሻግሮ ፕሪንተሩ ዘንድ የሚደርስበት መንገድ አይታየውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ አስተምህሮ ተከታይ አላጣም። ፕሪንተሩ ግን ያኔም ቢሆን ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ጉዳይ አልነበረውም። ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ጣሪያ ሥር አቧራ በጠጣ ማከፋፈያ በኩል ወደ እርሱ የሚደርሰው ገመድ ይበቃዋል።

ይህ ጥናት አራተኛ መላ ምት ያቀርባል፦ ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው፣ የጠፋው አድራሻው ነው። በኔትወርኩ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን የሚያድለው አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ ነው፤ የሚያድለውም በኪራይ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕደላው እንደገና ሊጀመር ይችላል። ትናንት በ20 የሚጨርስ ቁጥር የነበረው ፕሪንተር ዛሬ በ34 የሚጨርስ ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ለጎረቤት ሳይናገር ሌሊት ቤት እንደ ለቀቀ ተከራይ መሆኑ ነው። ኮምፒውተሮቹ ግን አሁንም 20ን ያንኳኳሉ። እዚያ ምናልባት የሒሳብ ክፍል ላፕቶፕ ገብቶበታል። ላፕቶፑ ስለ መሬት ግብር የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ዝም ይላል። ራውተሩ ጭራሽ ካልተነሣ ፕሪንተሩ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሱ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህን ቁጥር ያየ ባለሙያ ዕደላው እንዳልደረሰው ወዲያው ያውቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን የፕሪንተሩ አረንጓዴ መብራት እየበራ ነው። ሠራተኛውን የሚያናድደውም እሱ ነው።

ለመላ ምቱ ትልቁ ድጋፍ የተገኘው ከባለጉዳይ ነው። ከጃቢ ጠህናን ገጠር የይዞታ ማረጋገጫ ለመቀበል የመጡ አንድ አዛውንት፣ ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከቆዩ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ይጠራሉ።

«አባቴ፣ ዛሬ ፕሪንተሩ እንቢ ብሏል። ነገ ይመለሱ።»

«ማነው ልጄ እንቢ ያለው?»

«ፕሪንተሩ።»

«እና አለቃው ማነው?»

በክፍሉ ሣቅ ሆነ። ጥያቄው ግን ቡና ላይ ከተነሡት ሁሉ ይልቅ ሙያዊ ነበር። በኔትወርክ የተያያዘ ከሚባለው ፕሪንተር ስንቱ በቀጥታ አልተያያዘም፤ በአጭር ገመድ ከአንድ ሰው ኮምፒውተር ጋር ይታሰርና ሌላው የሚጠቀመው በዚያ ኮምፒውተር በኩል ነው። አለቃ አለው ማለት ነው። አለቃው ከጠፋ ፕሪንተሩ ለማንም አይታዘዝም። የኮምፒውተሩ ባለቤት ባሕር ዳር ሥልጠና ሄዷል፣ ቢሮውን ቆልፏል፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነው። ግድግዳ የተደገፈው ከዘራ ይነሣል።

አለቃው በቦታው እያለም ችግር ሲፈጠር ታይቷል። በመስከረም 2014 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት የፕሪንተር አገልግሎቱን የደኅንነት ቀዳዳ ለመድፈን ማሻሻያ ሲልክ በኮምፒውተር በኩል የሚጋሩ ፕሪንተሮች በየአገሩ ለጎረቤት ተዘጉ። ስሕተቱ ዜሮ፣ ኤክስ፣ አምስት ዜሮ፣ ሁለት አንድ እና አንድ ቢ የሚል ቁጥር ነበረው። የአለቃው ኮምፒውተር ታድሶ የሌላው ሳይታደስ ሲቀር ሁለቱ መተማመን ስላቃታቸው ነው። መፍትሔው ሁለቱንም ማደስ ነበር፤ ሰው ግን ቀለሙን ነቀነቀ።

በመካከሉ የሚጠራቀመው ወረፋም ጥናት ይገባዋል። ሠራተኛው «ፕሪንት» ብሎ መልስ ሲያጣ ደግሞ ይጫናል፤ ከዚያም በኃይል ይጫናል፤ ኃይሉ በወረቀቱ ፍጥነት ላይ ያመጣው ለውጥ አልተመዘገበም። ትእዛዞቹ ግን አይጠፉም። ስፑለር በሚባለው አገልግሎት ይሰለፋሉ፤ ፊተኛው ከተበላሸ ኋለኛው አያልፍም። ማክሰኞ የተዘጋው ወረፋ ሐሙስ ሲከፈት ለረቡዕ ስብሰባ የተጻፈው መጥሪያ ደርዘን ሆኖ ይወጣል፤ ቀለሙም በእርግጥ ያልቃል። የመጀመሪያው ወገን «ብለን ነበር» ይላል።

አንዳንዴም ፕሪንተሩ የሚጠብቀው በአገሩ የሌለ ወረቀት ነው። የእኛ ወረቀት ኤ4 ሲሆን 210 በ297 ሚሊሜትር ነው። አሜሪካኖች ሌተር የሚሉትና በ216 በ279 የሚለካው ወረቀት ቡሬ ገበያ አይሸጥም። ሰነዱ በሌተር ከተዘጋጀ ግን ፕሪንተሩ ትሪው ሙሉ ኤ4 እያለው ሌተር ጫኑልኝ ብሎ ይቆማል። መልእክቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ደብዳቤ ጫን» ተብሎ ይተረጎማል፤ ደብዳቤው ደግሞ ቀድሞ ተልኳል።

ክረምት የራሱ ምዕራፍ አለው። ተከፍቶ መስኮት ሥር የከረመ ደስጣ የጎጃምን እርጥበት ይጠጣል፤ ወደ 200 ዲግሪ በሚጠጋው ማቅለጫ ሲያልፍ ይተናል፣ ይጠቀለላል፣ ይነከሳል። አሜሪካ በሚገኘው ኤምአይቲ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከዜሮክስ የመጣው ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ለተጠቃሚው መልእክት እንዲልክ ሊያደርገው ፈልጎ የፕሮግራሙን ኮድ ተከለከለ፤ በ1983 የነጻ ሶፍትዌር እንቅስቃሴን ለመጀመሩ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በእኛ ዘንድ መልእክቱን ተላላኪዋ በር ላይ ቆማ «በልቷል!» ብላ ስለምታደርሰው እንቅስቃሴ አላስፈለገም።

ቀሪው መፍትሔ ፍላሽ ነው። አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አስፋልቱን ተሻግሮ ኮፒ ቤት ይገባል፤ በዞኑ ያልተቋረጠው ኔትወርክ ይኸው ነው። ሰነዱ በቆየ የግእዝ ፕሮግራም የተተየበ ከሆነ ግን ኮፒ ቤት ሲከፈት አማርኛው የላቲን ፊደል ዝርክርክ ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ የገባ ቢሆንም ዜናው ያልደረሰው ኮምፒውተር አለ።

ጥናቱ በመጨረሻ የሚያቀርበው ምክር ርካሽ ነው፤ ለፕሪንተሩ ራውተሩ ከሚያድለው ውጭ የማይለዋወጥ ቁጥር መስጠትና ቁጥሩን በማሽኑ ግንባር ላይ መለጠፍ። አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ይህንኑ አደረገ፤ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ጽፎ በፕላስተር ለጠፈ። በማግስቱ ተነሥቶ አገኘው። ማስታወቂያ በኮምፒውተር ተተይቦ፣ ፕሪንት ሆኖ፣ ማኅተም ካላረፈበት በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ላይ እንደማይለጠፍ ተነገረው።