ደብረ ብርሃን ወደብ፣ በ1 ለ87 ልኬት

ባቡርን ከነሐዲዱ አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት በአውሮፓ የጎልማሶች ሥራ ነው። በብዛት የሚሠራበት ልኬት 1 ለ87 ነው፤ በዚህ ስሌት ቁመቷ 1 ሜትር የሆነ አህያ 11.5 ሚሊ ሜትር ሆና ትቀራለች። ከሚሠሩት ትዕይንቶች ሁሉ አድካሚው ወደብ ነው፤ መርከቡ፣ ክሬኑ፣ ጆንያውና ወዛደሩ በአንድ ቦታ ይታጨቁበታል። የዚህ ጥናት ጥያቄ አጭር ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራ የወደብ ሞዴል እውነት እንዲመስል ምን ይጨመርበት? ከተማዋ ባሕርም ሐዲድም የሌላት መሆኑ ለጥናቱ እንቅፋት አልሆነም። እንዲያውም ሥራውን አቅልሎታል፤ ቦታው ድረስ ሄዶ አመሳክሮ ስሕተት የሚያወጣ ተቺ አይኖርምና።

ልኬት ይከበር የሚሉ ጥብቅ ሰዎች በመጀመሪያ ስለ ከፍታው መነጋገር አለባቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,840 ሜትር ላይ ስለምትገኝ፣ በ1 ለ87 ሲሰላ ባሕሩ ከከተማዋ 32 ሜትር ተኩል ግድም ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል። ይህም ጠረጴዛው አሥር ፎቅ ያህል ቁመት ይኑረው፣ አለበለዚያም ሳሎኑ ውስጥ ጉድጓድ ይቆፈር ማለት ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የተዘረጋው የቀድሞው 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድም በዚሁ ስሌት 9 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከሳሎን ተነሥቶ፣ የጎረቤትን ግቢ አቋርጦ፣ ከተማውን ለቆ ይወጣል። ስለዚህ ርቀትና ከፍታ ለሞዴል እውነተኛነት መለኪያ ሊሆኑ አይችሉም። መለኪያው ያለው ከትንንሾቹ ነገሮች ዘንድ ነው።

በትንንሽ ነገር ደግሞ ሰሜን ሸዋ የማንም እጅ አያይም። ለሐዲድ ሥር ጠጠር ጤፍን የሚያህል አልተገኘም፤ አንድ ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በ87 ስትባዛ 8.7 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ይወጣታል። ገብስ በበኩሉ ጆንያ ነው፤ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍሬ 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ሆዱም እንደ ተሞላ ጆንያ ነፋ ያለ ነው። እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ክብደት በርዝመትም በስፋትም በቁመትም ስለሚያንስ፣ 60 ኪሎ የሆነ የቡና ጆንያ ወደ 91 ሚሊ ግራም ሊመዝን ይገባዋል፤ አንድ የገብስ ፍሬ ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። መልሱ ከባድ አይደለም፤ የጎደለው ግማሽ በመንገድ ላይ እንደጎደለ ይመዘገባል። ጤፍ ተወዷልና ሐዲድ ሥር አይበተን የሚለው ሁለተኛ ተቃውሞ ግን ከልኬት ጥያቄ ይልቅ የቤት ውስጥ ሰላም ጥያቄ ስለሆነ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

ይሁን እንጂ ጠጠሩም ጆንያውም ተሟልቶ ሞዴሉ አሻንጉሊት ሊመስል ይችላል፤ የጎደለው ጥበቃ ነው። ወደብ ማለት ዕቃ የሚያልፍበት ብቻ ሳይሆን ዕቃ የሚጠብቅበት ቦታ ነውና። በዚህ ፍቺ ከሄድን ሸዋ ከባሕር በፊት ወደብ ነበራት። ከታጁራ የተነሣ የግመል ቅፍለት ቆላውን አቋርጦ ከአንኮበር ዳገት ግርጌ ያበቃ ነበር፤ አልዩ አምባ ላይ ገበያው ነበር፣ ወደ ላይ ያለው መንገድ ደግሞ የበቅሎ፣ የአህያና የሰው ትከሻ ነበር። ግመሉ መርከብ፣ አህያዋ ክሬን መሆኗ ግልጽ ነው። ማስረጃው በዚህ አያበቃም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ፣ ጉዞ እስኪጀምር ታጁራ ላይ አሥር ወር ያህል ተቀመጠ፤ በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ እዚያ አልነበሩም። ባቡሩም ከዚህ የተለየ ጠባይ አላሳየም፤ ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱ የተሰጠው በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ጥበቃ አይታይም፣ የማይታይ ነገር ደግሞ በሙጫ አይለጠፍም የሚሉ ይኖራሉ። ይህ ችኩል አስተያየት ነው። ጥበቃ በመልክ ይታያል፤ የመንዝ በርኖስ ደርቦ ጆንያ ላይ የተቀመጠ 2 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሰው ከየትኛውም ክሬን ይልቅ ወደብን ይገልጻል። አጠገቡ ወረቀት የያዘ ትራንዚተርና ዲመሬጁን፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያውን፣ በጣቱ የሚያሰላ ነጋዴ ከቆሙ ትዕይንቱ ሞላ። በተጨማሪም ጥበቃ ይለካል፦ ባቡሩ ከፈቃድ እስከ አዲስ አበባ የፈጀው 23 ዓመት ለ87 ሲካፈል 96 ቀን ተኩል ይሆናል፤ የራምቦ አሥር ወር ደግሞ ሦስት ቀን ተኩል። ርዝመት እንጂ ጊዜ አይጠብም የሚል ካለ የሐበሻ ቀጠሮን ይመልከት፤ መለጠጡ በተግባር የተረጋገጠ ነገር መጨማደዱ አያከራክርም።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ጠባቂዎቹ ይለጠፋሉ፣ ቀጥሎ ገብሱ ይከመራል፣ ከዚያ ጤፉ ይነጠፋል፤ ባሕሩ የመጨረሻው ተራ ላይ ነው። ሥራውን ዛሬ የሚጀምር አንባቢ ፈቃዱን ከቤተሰቡ ባገኘበት ዕለት ቀኑን ይጻፍ፤ 96 ቀን ተኩል እስኪሞላ ድረስ ባቡሩን መግዛት አያስፈልገውም።