ሲሳሳቱ ማን ይመልሳል?

ከሮቤ በጊኒር አድርጎ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ለዝያራ የሚወርድ እንግዳ መንገድ ቢስት ብዙ አይቸገርም። ባላ በትሩን የያዘ አንድ ዘያሪ ያገኛል። ዘያሪው መጀመሪያ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ደኅንነት ያጣራል፤ ይህ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ «የሳቱት እዚያች ዋርካ ጋ ነው፤ ይመለሱና ግራውን ይያዙ» ይላል። አለቀ።

የእህቴ ልጅ ሮቤ ላይ ፕሮግራሚንግ ይማራል። ቤት በኦሮምኛ፣ ሰፈር በአማርኛ፣ ክፍል በእንግሊዝኛ ነው። በቀደም ጥቁሩን ተርሚናል ከፍቶ ጊትን፣ ያን የኮድ ለውጥ መዝጋቢ፣ አንድ ነገር ቢያዘው፣ ጊት «ፌታል» ብሎ መርዶውን ጀመረ፤ እዚህ ፎልደር ውስጥ የጊት ማኅደር የለም፣ ከበላዩ ባሉትም የለም። ልጁ ላፕቶፑ የሞተ መስሎት ከእጁ ሊጥለው ምንም አልቀረው። የሳተው እኮ ፎልደር ብቻ ነው! «ፕሮጀክትህ ወዳለበት ግባ፤ አዲስ ከሆነ ጊት ኢኒት በል» ማለት ምን ይከብዳል?

ይህ ቁጥብነት የዘር ነው። ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1969 ለዩኒክስ የጻፈው ኤድ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ፣ ምንም ዓይነት ስህተት ብትሠራ መልሱ አንዲት «?» ናት። በዚያ ዘመን ተርሚናሉ ወረቀት ላይ በሰከንድ 10 ፊደል ገደማ የሚያትም ማሽን ስለነበር፣ ምክር ቢያበዛ ሰውየው ቡና አፍልቶ ይመለስ ነበር። እሺ፣ ይሁን። ማሽኑ ሙዚየም ገብቶ ኩርፊያው ለምን እንደቀረ ነው የማይገባኝ።

ደግነቱ አንዳንዶች አፋቸውን ፈተዋል። የኤልም ቋንቋ ፈጣሪ ኢቫን ቻፕሊኪ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮምፓይለሩን እንደ ሰው አናገረው፤ ሩስት የተባለው ቋንቋም ተከተለ። ፓይተን ድሮ ቅንፍ ሳትዘጋ ብታልፍ ምንም ያላጠፋ ሌላ መስመር ላይ ቆሞ ይጮህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው 3.10 ወዲህ ግን «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ብሎ የከፈትክበትን ቦታ ያሳያል።

«ጋሼ፣ ጊትም እኮ ይገምታል» አለኝ ልጁ። እውነቱን ነው፤ የትእዛዙን ፊደል ብትገድፍ ቅርቡን ይጠቁማል። ይባስ ብሎ፣ ከፈቀድክለት የገመተውን ራሱ ያስኬዳል። የሚታገሥህ ጊዜ የሚቆጠረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፤ 10 ብለህ ብትሞላለት አንድ ሙሉ ሰከንድ ይጠብቅሃል። የእህቴ ልጅ ይህን አብርቶ ነው የሚሠራው። በዚያች ሰከንድ ውስጥ እንግሊዝኛውን አንብቦ፣ በልቡ ወደ ኦሮምኛ መልሶ፣ ደንግጦ፣ ማስቆሚያውን መጫን አለበት።